ቅዝቃዜ የሚቆጥረው ዕድሜ፦ በላስታ ደጋ ኩሬዎች የሚረባ ዓሣ ዕድገት

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ በብልባላ በኩል ያልፋል። ተጓዡ የብልባላ ጊዮርጊስንና የብልባላ ቂርቆስን ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አልፎ ወደ ሰሜን ሲቀጥል አገሩ እየሞቀ፣ ሸለቆው እየጠለቀ ወደ ተከዜ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፣ ከበስተጀርባው የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሞላ የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1140 ሜትር ገደማ ነው። ላሊበላ ከተማ በአንጻሩ በ2500 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ይቀዘቅዛል የሚለውን የተለመደ ስሌት ብንከተል፣ በግድቡ ሐይቅና በላሊበላ መካከል ወደ 9 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። በሐይቁ ውስጥ ቀረሶና አምባዛ ይጠመዳሉ። የዚያው የቀረሶ ዘር በአንድ ቀን መንገድ 1300 ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ በደጋ ኩሬ ውስጥ ቢለቀቅ ዕድገቱ ምን ይሆናል? ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። ባለፉት ሁለት አስርት ዓመታት በአማራ ክልል ደጋማ ወረዳዎች ለመስኖ የተቆፈሩ የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙ ናቸው፤ ውሃው ለሽንኩርትና ለጎመን ብቻ ሳይሆን ለዓሣም ይሁን የሚለው ሐሳብም ተደጋግሞ ይነሣል። ለአርቢው የሚሰጠው ምክር ግን በአብዛኛው ከቆላና ከሞቃት አገር የተቀዳ ነው፤ «ጫጩቱን ልቀቅ፣ በስድስት ወር ታወጣለህ» ይላል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ከኩሬው የወጣው ዓሣ የጣት ያህል ቢሆን፣ አርቢው ዘሩን ወይም መኖውን፣ ይልቁንም ራሱን ይወቅሳል። ቀጥሎ ኩሬው ወደ መስኖ ብቻ ይመለሳል፤ ጎረቤትም ያየውን አይቶ ይተወዋል። ስህተቱ ግን ከዘሩም ከሰውየውም ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው ሊሆን ይችላል።

የዛጎል እንስሳው ምስክርነት

በቀዝቃዛ ውሃ ዕድገት እንዴት እንደሚጓዝ ለመረዳት ለጊዜው ከደጋችን ርቀን ወደ ባሕር ዳርቻ እንሂድ። ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር እንስሳት፣ በተለይም ክላም የሚባሉት፣ የዕድገታቸውን ታሪክ በገዛ ዛጎላቸው ላይ ይጽፋሉ። ውሃው ሲሞቅ ይመገባሉ፤ ዛጎላቸውም ሰፊ ንጣፍ ያክላል። ውሃው ሲቀዘቅዝ መመገቡ ይዳከማል፣ ከአንድ ወሰን በታች ደግሞ ፈጽሞ ይቆማል፤ በዛጎሉም ላይ ጠባብና ጥቁር መስመር ይቀራል። በሰሜን አትላንቲክ የሚኖረው አርክቲካ አይስላንዲካ የዚህ ምስክርነት ጫፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአይስላንድ ባሕር የወጣ አንድ ግለሰብ እንስሳ መስመሮቹ ተቆጥረው፣ በ2013 በተደረገው እርማት መሠረት 507 ዓመት እንደኖረ ታውቋል። ይህን ያህል ዘመን ኖሮም መጠኑ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነው።

ለእርባታ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን ኳሆግ የተባለው የአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ክላም ነው። ዝርያው አንድ ነው፤ ከጫጩት ማፍሊያ የሚወጣው ዘርም ተመሳሳይ ነው። በፍሎሪዳ ሙቅ ባሕር ለገበያ ለመድረስ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወራት ይበቃዋል፤ በማሳቹሴትስና በሜይን ቀዝቃዛ ዳርቻ ግን ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። የሜይን አርቢ ይህን ስለሚያውቅ በፍሎሪዳ መመሪያ አይተዳደርም፤ ገንዘቡን፣ ጉልበቱንና መረቡን ለሦስት ክረምት ያዘጋጃል። ዓሣችን ክላም፣ ኩሬያችንም ባሕር ባይሆንም፣ እንደ እኔ ግምት ለላስታ አርቢ ከብዙ የቴላፒያ መመሪያ ይልቅ የሜይኑ ሰው ልምድ ይቀርበዋል።

ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። የቀዝቃዛው ዳርቻ ክላም የሚጠብቀው በጋ አለው። በክረምት ተኝቶ ቢከርም ለጥቂት ወራት በሙሉ ኃይሉ ያድጋል። የኢትዮጵያ ደጋ በሐሩር ቀበቶ ውስጥ ስለሆነ ዓመታዊ የሙቀት ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ቢበርዱ፣ ሚያዝያና ግንቦት ቢሞቁ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የአማካይ ሙቀት ርቀት ከቀኑና ከሌሊቱ ርቀት ያንሳል። ብርዱ በወራት ሳይሆን በየሌሊቱ ሰዓታት የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ የደጋ ዓሣ የሚተኛበት ረጅም ክረምትም፣ የሚክስበት ረጅም በጋም የለውም። ዕድገቱ ቀጭን ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል።

ይህ ልዩነት ዕድሜን በመለካት ረገድም ወጥመድ አለው። በዓሣ ጆሮ ውስጥ የምትገኘው ኦቶሊት የተባለች ጠጣር አካል እንደ ዛጎል ክበብ ትሠራለች፤ በመካከለኛው የአየር ንብረት ክልል አንድ ክበብ አንድ ዓመት ማለት ነው። ደመቀ አድማሱና ካስልማን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት በሐዋሳ ሐይቅ የሚኖር ጎልማሳ ቀረሶ በዓመት ሁለት ክበቦች እንደሚሠራ አሳይተዋል። አንዱን ክበብ እንደ አንድ ዓመት የሚቆጥር ተመራማሪ የዓሣውን ዕድሜ በእጥፍ ያበዛል፤ የዕድገቱንም ፍጥነት በግማሽ ያሳንሳል። ከውጭ የመጣ መለኪያ የአገሩን ውሃ ሳይጠይቅ ሲሠራበት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ደፍና ዲግሪ-ቀን

ዓሣ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ የውሃው ሙቀት የእርሱ ሙቀት ነው። ስለዚህ የሚበላው፣ የሚፈጨው፣ ሥጋ የሚያደርገውም በውሃው ሙቀት ልክ ነው። ቀረሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ በደንብ ያድጋል። ከ20 ዲግሪ በታች ዕድገቱ በግልጽ ይዳከማል፤ ወደ 16 እና 17 ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ውሃው ከ12 ዲግሪ በታች ከቆየ ሞት ይከተላል። መብላት የሚቆምበትን ነጥብ የዕድገት ደፍ ብለን እንጥራው። በደፉ ላይ የቆመ ዓሣ በሕይወት አለ፣ ይዋኛል፣ ያያል፤ ግን አያድግም።

ከዚህ በመነሣት ዲግሪ-ቀን የሚባለው አቆጣጠር ይመጣል። የዕለቱን የውሃ ሙቀት ወስደን ደፉን ስንቀንስ የምናገኘው፣ ዓሣው በዚያች ቀን ያገኘው ጠቃሚ ሙቀት ነው። ደፉን 16 እናድርገው። የቆላው ኩሬ 28 ዲግሪ ቢሆን በቀን 12 ዲግሪ ያጠራቅማል፤ በ180 ቀናትም 2160 ዲግሪ-ቀን ይሆናል። መመሪያው «ስድስት ወር» ሲል በተዘዋዋሪ የሚናገረው ይህንን ቁጥር ነው። የደጋው ኩሬ 19 ዲግሪ ቢሆን ግን የቀን ገቢው 3 ዲግሪ ብቻ ነው፤ 2160ን ለማግኘት 720 ቀናት ያስፈልጉታል። ኩሬው በአንዲት ዲግሪ ዝቅ ብሎ 18 ቢሆን ደግሞ 1080 ቀናት ይፈልጋል፤ ይህም ወደ ሦስት ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የጉዳዩ እምብርት ነውና። በቆላ ከ28 ወደ 27 ዝቅ ያለ ኩሬ ከቀን ገቢው 8 በመቶ ብቻ ያጣል፤ አርቢውም ላያስተውለው ይችላል። በደጋ ከ19 ወደ 18 ዝቅ ያለ ኩሬ ግን ሲሶውን ያጣል፤ አርቢው አንድ ሙሉ ዓመት ይከስራል። ወደ ደፉ በቀረብን ቁጥር የእያንዳንዷ ዲግሪ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ በቆላ መኖ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ በደጋ አስቀድሞ ሙቀት ላይ መደረግ አለበት። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ደፉን በቀጥታ መስመር ያሰሉ ናቸው፤ ሕያው ዓሣ እንዲህ ያለ ንጹሕ መስመር አይከተልም። ሆኖም የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዓሣ እርባታ ጽሑፎች በሰፊው የሚሠራበት የሙቀት ዕድገት ቀመር የክብደትን ሦስተኛ ሥር ወስዶ ለጠቅላላ ዲግሪ-ቀን ያካፍላል። ቀመሩ በመጀመሪያ የተቃኘው ለሳልሞንና ለትራውት ወገን ነው፤ ደፉንም ዜሮ ያደርጋል። ትራውት በ5 ዲግሪም ጥቂት ስለሚያድግ ይህ ብዙ አይጎዳውም። ቀመሩ ሳይስተካከል ለቀረሶ ሲሠራበት ግን ውጤቱ አሳሳች ነው። 180 ቀን በ28 ሲባዛ 5040 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 265 ቀናት ይሆናል። በዚህ ስሌት የደጋው አርቢ ዓሣውን ከዘጠኝ ወር ባነሰ ጊዜ ያወጣል፤ በደፍ በታረመው ስሌት ግን ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ሁለቱም ስሌቶች በወረቀት ላይ የተስተካከሉ ይመስላሉ። በመካከላቸው ያለው ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ጊዜ የሚከፈለው ግን ከቤተሰብ መሬትና ጉልበት ነው።

ሌሊቱ፣ ነፋሱና ጥልቀቱ

የኩሬ ሙቀት ከአየር ሙቀት ጋር አንድ አይደለም። በደጋ ላይ ጠራራ ፀሐይ የኩሬውን ውሃ ከአየሩ በላይ ሊያሞቀው ይችላል፤ ጥርት ያለው ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። በዚህ ገቢና ወጪ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ትልቁ ወጪ ትነት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ሲተን ወደ 2.45 ሜጋ ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከአንድ ካሬ ሜትር የኩሬ ገጽ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን የሚጠፋው ሙቀት ወደ 12 ሜጋ ጁል ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ኩሬ ይህ ብቻውን ውሃውን ወደ 3 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ይበቃል፤ ፀሐይ በማግስቱ ባትተካው ኖሮ።

በላስታ በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ነው፤ ከገደል አፍ የሚነሣው ነፋስም ብርቱ ነው። ትነትን የሚያፋጥኑት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ኩሬው የሚቆፈርበት ቦታ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ነፋሱ ከየት ይመጣል?» መሆን ይኖርበታል። የድንጋይ ካብ ወይም ከነፋሱ ወገን የተተከለ የወይራ ወይም የጽድ መስመር የቀኑን ፀሐይ ሳይጋርድ ነፋሱን ቢያበርድ፣ የኩሬው አማካይ ሙቀት ከፍ ይላል። ላስታ ድንጋይ አይቸግረውም፤ ካብ መካብም አገሬው ከማንም በላይ ያውቅበታል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ቤት ውስጥ ኩሬ መሥራት ከዚህም የበለጠ ያሞቃል፤ ዋጋው ግን ለአነስተኛ አርቢ ከባድ ነው።

ስለ ጥልቀት የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የተምታታ ነው። «ጥልቅ ኩሬ ይሞቃል» የሚሉ አሉ፤ «ጥልቅ ኩሬ ይበርዳል» የሚሉም አሉ። ገቢውና ወጪው የሚያልፈው በገጹ በኩል በመሆኑ፣ ጥልቀት የኩሬውን አማካይ ሙቀት ብዙም አይለውጠውም፤ የሚለውጠው መወዛወዙን ነው። ጥልቀት የሌለው ኩሬ በቀን ከፍ፣ በሌሊት ዝቅ ይላል፤ ጥልቁ በመካከል ይረጋል። እንግዲህ የትኛው ይሻላል?

በደፍ አጠገብ ላለ ዓሣ መልሱ ያልተጠበቀ ነው። አማካይ ሙቀቱ 17 ዲግሪ የሆነ የረጋ ጥልቅ ኩሬ ከ16 በላይ ያለው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ያው አማካይ ያለው ነገር ግን ንጋት ላይ ወደ 13፣ ከሰዓት በኋላ ወደ 21 የሚወዛወዝ ኩሬ ሲሰላ ግን የቀን ገቢው ወደ 1.8 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከደፉ በታች ያሉት ሰዓታት ዕድገትን ያቆማሉ እንጂ ያደገውን አይቀንሱምና። በእርግጥ በብርድ ያደረ ዓሣ ፀሐይ እንደወጣ ወዲያውኑ መብላት አይጀምርም፤ በብርድ የከረመ ዓሣ ጥቂት ሥጋም ያጣል። ስለዚህ የስሌቱ ትርፍ በሙሉ በእጅ አይገባም። ቢሆንም ከሁለቱ ጥቅም የሚያጣምር የኩሬ ቅርጽ ይታሰባል፦ በአንድ ወገን ፀሐይ ቶሎ የሚያሞቀው ጥልቀት የሌለው መደብ፣ በሌላው ወገን ዓሣው ሌሊቱን የሚሸሸግበት ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ጉድጓድ። ዓሣው በራሱ እግር ባይሆንም በራሱ ክንፍ ቦታውን ይመርጣል።

ከዚህ የሚከተለው የመኖ ሰዓት ነው። የኩሬ ውሃ በብዛት የሚሞቀው ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በጣም የሚቀዘቅዘው ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ማለዳ የተበተነ የኑግ ፋጉሎ ወይም ፉርሽካ ያልተራበ ዓሣ ላይ ይወድቃል፤ ተበስብሶም ኦክስጅን ይበላል። በታኅሣሥ ማለዳ ዓሣን በመረብ መጎተትም አይገባም፤ በብርድ የደከመ ቀረሶ ቆዳው ሲፋቅ ሻጋታ መሰል በሽታ ቶሎ ይይዘዋል።

ስለ ኦክስጅን የሚነሣ ሥጋት አለ፤ አጭር መልስ ይበቃዋል። በ2500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 74 በመቶ ያህል ነው። በ17 ዲግሪ የሚገኝ ውሃ በዚያ ከፍታ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በባሕር ጠለል 28 ዲግሪ የሆነ ውሃ የሚይዘው ደግሞ 7.8 ነው። ቅዝቃዜው ከፍታው የወሰደውን አብዛኛውን ይመልሳል።

የዝርያ ምርጫ

ቀረሶ ብቻውን ለደጋ የተሰጠ ዓሣ አይደለም። ካርፕ እስከ በረዶ አጠገብ የሚደርስ ብርድ ይችላል፤ ደፉም ዝቅተኛ ነው። 12 ዲግሪ ብለን ብንወስድ በ28 ዲግሪ የቀን ገቢው 16፣ በ19 ዲግሪ 7 ይሆናል። ቀረሶ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ አራት እጥፍ ጊዜ ሲፈልግ ካርፕ የሚፈልገው 2.3 እጥፍ ነው። ካርፕ ግን ለምግብ ሲል የኩሬውን ጭቃ ይቆፍራል፤ ውሃውን ያደፈርሳል፤ የኩሬውን ግድግዳ ያላላል። አምባዛ በሙቀት ረገድ ከቀረሶ የተሻለ ምርጫ አይሆንም፤ ለኦክስጅን እጥረት መቻሉ ግን ይታወቃል።

ለቀረሶ አንድ ነገር መመስከር አለብኝ። በቆላ ኩሬ ትልቁ ችግሩ ከመጠን በላይ መዋለዱ ነው፤ ኩሬው በጫጩት ይሞላና ሁሉም ድንክ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን መዋለዱ ይቋረጣል። የደጋ ብርድ ለዕድገት ጠላት ሆኖ ሳለ ለመራባት ልጓም ይሆናል፤ ወንድ ብቻ የሆነ ዘር ማግኘት ለማይችል አርቢ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ከዚህ የተነሣ የደጋ አርቢ ጫጩቱን ራሱ ለማፍላት ከመሞከር ይልቅ ከሞቃት ቦታ ማምጣቱ ያዋጣዋል።

ብርድ ወዳጁ ትራውት ነው። ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ባለ ንጹሕ፣ ፈሳሽና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ በአንድ ዓመት ገደማ ለገበታ የሚበቃ ይሆናል፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን ይጨነቃል። በአገራችን የዚህ ዓሣ ምስክር ባሌ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ የመጣው ትራውት በባሌ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ ጸንቶ ይኖራል። በሌሶቶ ደጋም በካትሴ ግድብ ሐይቅ ላይ በንግድ ደረጃ ይረባል። ከ4200 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የሚፈልቁ ምንጮች ለእርሱ የተስማሙ ሊመስሉ ይችላሉ። ውሃው በትራውት ገንዳ አልፎ ወደ መስኖ ማሳ ስለሚወርድ ዓሣው ውሃ አይፈጅም፤ ይህ በውሃ ለሚጣላ አገር ትልቅ ነጥብ ነው።

እንቅፋቶቹ ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው መኖው ነው። ትራውት ሥጋ በል ስለሆነ ከመኖው 40 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን እንዲሆን ይፈልጋል፤ በፉርሽካና በአተላ አይረባም። ሁለተኛውና የሚያሰጋኝ ማምለጡ ነው። የላስታ ጅረቶች ወደ ተከዜ የሚወርዱ ናቸው፤ አዳኝ ባዕድ ዓሣ አንድ ጊዜ ከገባባቸው የሚያወጣው የለም። በደቡብ ወሎ የሐይቅ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቀረሶ ወደ ሐይቅ ተለቀቀ፤ አጥማጁ ተጠቀመ። ቀጥሎ በተደረጉ ጥናቶች የተገኘው የውሃው ጥራትና የጥቃቅን እንስሳቱ አሰላለፍ ግን ባክስተርና ጎሎቢች እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ከገለጹት ሐይቅ የተለየ ነው። ለውጡን በሙሉ በዓሣው ላይ መጫን አይቻልም፤ ከመልቀቅ በፊት የነበረውን መመዝገብ ግን ግዴታ መሆኑን ያሳያል።

ሌላም ምርጫ አለ፤ ለእርባታ ባለሙያ ደስ የማይል። አማካይ የኩሬ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ከ18 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ቀረሶ ከማርባት ይልቅ ከተከዜ ሐይቅ የተጠመደውን በበረዶ አሽጎ ወደ ላሊበላ ገበያ ማውጣት ለቤተሰቡም ለአጥማጁም የተሻለ ነው። የሆቴሎቹና የእንግዶቹ ፍላጎት አለ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተው፤ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ግን በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ እንደሚደምቅ ነጋዴው ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ በአንድ መንደር እርባታ ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገው መሣሪያ ርካሽ ነው፦ ቴርሞሜትር። ባለው የመስኖ ኩሬ ላይ፣ በንጋትና በ9 ሰዓት፣ ከገጹ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎና ከታች ከወለሉ አጠገብ፣ ለአሥራ ሁለት ወር መመዝገብ። የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ የሰቆጣው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልና ራሱ በደጋ የሚገኘው የሰበታው ብሔራዊ ማዕከል ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። ለአንድ የማስተርስ ተማሪም በቂ ርዕስ ነው። ከዚያ መዝገብ ላይ ደፉን ቀንሶ ዲግሪ-ቀኑን መደመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ አርቢው ስድስት ወር ይባል ወይስ ሁለት ዓመት የሚወሰነውም በዚያ ድምር ነው።

መዝገቡ ቀረሶን ከፈቀደ የመልቀቂያው ወር የካቲት ማብቂያ ወይም መጋቢት ይሁን፤ ዓሣው ሞቃቶቹን ወራት ከፊቱ እንዲያገኝ። ትንንሽ ጫጩቶችን ወደ ደጋ ከማውጣት ይልቅ እንደ ቆቦ ባለ ዝቅተኛ ቦታ አሳድጎ፣ ክብደታቸው 30 ግራም አካባቢ ሲደርስ ማምጣት ከደጋው ቀርፋፋ ጊዜ ብዙ ወራትን ይቀንሳል። ከ26 ዲግሪ ውሃ የመጣ ዓሣ በድንገት 18 ዲግሪ ውስጥ ከተጣለ ግን በማግስቱ ተንሳፎ ይገኛል። የማጓጓዣው ዕቃ በኩሬው ዳር ቆሞ፣ የኩሬው ውሃ በበርካታ ሰዓታት ውስጥ በጣሳ በጣሳ እየተጨመረበት፣ ሁለቱ ሙቀቶች ሲቀራረቡ ብቻ ዓሣው ይለቀቅ፤ ይህም ኩሬው በሚሞቅበት ከሰዓት በኋላ እንጂ በማለዳ ወይም በምሽት አይሁን።